ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሞተሩስ? ስለ ቁልፍ አልባ መኪኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ፑሽ ስታርት መኪና ብርቅ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ፈረንጅ አራዳ ከቆሙት መኪኖች በጥቂቶቹ መስኮት ቢያጮልቁ፣ መሪው ሥር የቁልፍ ቀዳዳ አያገኙም፤ ክብ አዝራር ነው የሚያዩት።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። እንዲህ ዓይነት መኪና ገዝቼ፣ አንድ ቀን በገዛ ግቢዬ ደንግጬ፣ ከዚያ በኋላ መመሪያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ ሰው ነኝ። ይህ ወሬ ከወጣ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም መኪና በገዛ ቁጥር ቡና እጠራለሁ። አቦሉ ሳያልቅ ጥያቄው ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ ሰብስቤ ጻፍኳቸው።

ቁልፍ አልባ ይሏታል፤ ግን ቁልፍ ሰጥተውኛል። ነገሩ እንዴት ነው?

የሰጡዎት ነገር ቁልፍ ይመስላል እንጂ ትንሽ ሬዲዮ ነው። መኪናዋ በአጭር ርቀት «አለህ ወይ?» የሚል ምልክት ትልካለች። ኪስዎ ውስጥ ያለው ሪሞት የራሱን ኮድ ይመልሳል። ኮዱ ከገጠመ በሩ ይከፈታል፤ ፍሬን ረግጠው አዝራሩን ሲጫኑ ሞተሩ ይነሳል። መርሴዲስ ቤንዝ ይህን በኤስ ክላስ መኪናው ላይ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ያኔ የሀብታም ጌጥ ነበር። ዛሬ ትንንሾቹም አላቸው።

ልብ ማለት ያለብን ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮው ቁልፍ ማስነሻም ማጥፊያም ነበር። ነቅለው ኪስዎ ከከተቱት ሞተሩ ጠፍቷል፤ ክርክር የለውም። አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማርሹን ፒ (መኪና ማቆሚያው) ላይ ሳያስገቡ ቁልፉ አይወጣም ነበር። ስለዚህ እጅዎ ሳያስበው ሁለቱንም ይሠራ ነበር። አዲሱ ሪሞት ይህ የለውም። «ግባ፣ አስነሳ» ብሎ ይፈቅዳል እንጂ «በቃ» አይልም። «በቃ» የሚለው የእርስዎ ጣት ነው። ከዚህ በታች ያለው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

ሪሞቱን ይዤ ከራቅኩ ሞተሩ በራሱ አይጠፋም?

አይጠፋም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው፤ እኔም ራሴ ይጠፋል ብዬ አምን ነበር።

የሆነውን ልንገርዎ። ነሐሴ ነው። የጅማን ክረምት ያውቁታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ከሥራ ገባሁ፣ የግቢው በር ተከፈተልኝ፣ መኪናዋን ከቤቱ ጥግ አስጠጋሁና ቦርሳዬን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ከኋላዬ ጲጵ ጲጵ አለች። «ተቆልፌያለሁ ማለቷ ነው» ብዬ ገባሁ። እራት በላሁ። ዜና አየሁ። ዝናቡ ሲያባራ የጎረቤት ልጅ አንኳኳ። «ጋሼ፣ መኪናዎ እያጨሰች ነው» አለኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ስትሠራ ቆይታለች። ድምፅዋን ቆርቆሮው ውጦት ነበር።

የቆመችው ሜዳ ላይ ስለነበር የከሰርኩት ቤንዚን ብቻ ነው። ነገር ግን የልጆቼ መኝታ ቤት መስኮት ከጭስ ማውጫው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። በዝናቡ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ይህ ትዝ ያለኝ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው፤ እንቅልፍም ያኔ ነው የጠፋው።

ሪሞቱ ሲርቅ ሞተሩ የማይጠፋው ፋብሪካው ረስቶት አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ጊቤ ቁልቁለት ላይ እያሉ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅስ? ምልክቱ በተቋረጠ ቁጥር ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ አንዴ የተነሳ ሞተር እንዲቀጥል ተደርጎ ነው የተሠራው። መኪናዋ ማድረግ የምትችለው መጮህና ዳሽቦርዱ ላይ «ሪሞቱ የለም» ብሎ መጻፍ ነው። ዝናብ ሸሽቶ ለሚሮጥ ሰው ያ ጩኸት ምንም አይነግረውም።

ታዲያ «ራሷ ትጠፋለች» የሚሏት መኪና ውሸት ናት?

ውሸት አይደለችም፤ ግን ሁሉም መኪና የለውም። ያላቸው ደግሞ የሚጠፉት ሪሞቱ ስለራቀ ሳይሆን ጊዜ ቆጥረው ነው። ፎርድ ለምሳሌ ሪሞቱ መኪናው ውስጥ ከሌለና ሞተሩ ለ30 ደቂቃ በከንቱ ከሠራ የሚያጠፋ ዘዴ አለው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2020 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ በሚሸጣቸው መኪኖች ላይ ራስ ማጥፊያ እንደሚያስገባ አስታውቋል። የአሜሪካ ኮንግረስም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በጸደቀው የመሠረተ ልማት ሕግ ውስጥ፣ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በዚህ ላይ አስገዳጅ ደንብ እንዲያወጣ አዟል።

ያ የአሜሪካ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ከዱባይም ከአውሮፓም ከቻይናም ዞሮ የመጣ ነው። ስሟም ዓመቷም አንድ ሆኖ ለተለያየ አገር የተሠራች መኪና የያዘችው ነገር ይለያያል። ደላላው «አላት» ቢልዎ አይመኑ። ደላላ ዘንድ የሌለ ነገር የለም።

መሞከር ይሻላል። ሜዳ ላይ፣ ጭሱ ወደ ማንም መስኮት በማይሄድበት ቦታ ያቁሟት። ማርሹን ፒ ላይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩን ግን አያጥፉ። ሪሞቱን ይዘው ይውረዱና በሩን ይዝጉ። ትተዋት አይሂዱ፤ በርጩማ አምጥተው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቀመጡና ሰዓት ይያዙ። አንድ ሰዓት አልፎም ካልጠፋች የላትም ብለው ይቁጠሩ። አንዳንድ መኪኖች ላይ ይህ ነገር ከሜኑ ውስጥ ሊዘጋ ስለሚችል እዚያም ይመልከቱ።

ቢኖራትም ደግሞ አይዝናኑ። 30 ደቂቃ ለሜዳ አጭር ነው። ለተዘጋ ክፍል ግን በጣም ረጅም ነው።

መብራት ላይ ስቆም ሞተሩ ይጠፋል። ይኼ እሱ አይደለም?

አይደለም። ያኛው ነዳጅ ቆጣቢ ነው። ሞተሩ ለጊዜው ተኝቷል እንጂ መኪናዋ አልጠፋችም፤ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። እንዲያውም «ድምፅ የለም፣ ጠፍታለች» ብሎ ሰው እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሞተሩ በርቶ ቢቆይ ከቤንዚን ሌላ ምን ያስከስረኛል?

ከሰል ያውቃሉ። ብርድ ነው ብለው ከሰል ምድጃ ይዘው በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ታሪክ ያልሰማ የለም። ከመኪናው ጭስ ውስጥ የሚገድለውም ያው ጋዝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ግን ታፍኗል። የሚሸተው የቤንዚን ጭስ ጠረን ማስጠንቀቂያ ይሆናል ብለው አይተማመኑ። የተኛ ሰው አያሸትም።

ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምርመራ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2006 ወዲህ በርተው በተረሱ ቁልፍ አልባ መኪኖች ከሁለት ደርዘን በላይ ሰዎች መሞታቸውን ጽፏል። ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲያዞሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከቤት ጋር በተያያዘ የመኪና ክፍል አቁመው፣ ሪሞቱን ይዘው ገብተው ተኙ።

እኛ ጋ ጋራዥ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን መጠገኛው ነው፤ የቤት ውስጡ የመኪና ክፍል ብዙ አልተለመደም። ይህ እየበጀን ነው የቆየው። አሁን ግን ጅማም ምድር ቤቱ ለመኪና፣ ፎቁ ለመኝታ የሆነ ቤት እየተሠራ ነው። ነባር ግቢዎች ላይም ሰርቪሱና የመኪናው መጠለያ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮውና ግድግዳው የማይገጥሙበት ክፍተት አለ። ጭሱ በዚያ ይገባል። በሩን ገርበብ ማድረግ አያድንም። ጠዋት ሞተር ማሞቅ የሚወዱ ሰዎች መጀመሪያ መኪናዋን ወደ ሜዳ ያውጧት።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ጉንፋን ወይም ድካም ይመስላል። ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ከታመሙና ወጥተው አየር ሲያገኙ ከተሻላቸው ይጠርጥሩ። መጀመሪያ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይውሰዱ፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሸተት ጊዜ ከማባከን በቀር የሚፈይደው የለም። ለሐኪሙም «ጭስ ነው» ብለው ይንገሩ፤ ካልነገሩት በሌላ ሊያክመው ይችላል።

የእኔዋ ሃይብሪድ ናት፤ ድምፅም የላት። እኔ ምን አገባኝ?

ከሁሉም በላይ እርስዎን ነው የሚመለከተው። ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅም በባትሪም የምትሠራ መኪና፣ ስትቆም ብዙ ጊዜ በባትሪ ነው የምትቆየው። ጸጥ ስለምትል የጠፋች ይመስልዎታል። ባትሪው ዝቅ ሲል ግን ሞተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ይነሳል፣ ይሞላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። እርስዎ በዚያን ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነዎት። ስለዚህ በጆሮ ሳይሆን በዓይን ያረጋግጡ። ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት እስካለ ድረስ መኪናዋ አልጠፋችም።

ኤሌክትሪክ መኪናስ?

ጭስ የላትም፤ ከአፈናው በኩል ይተኙ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ ገዢ ሁሉ ወደዚህች እየሄደ ነው። የእሷ ጣጣ ሌላ ነው። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉት አዝራር እንኳ ሳይጫኑ፣ ተቀምጠው ፍሬን ሲረግጡ ይነሳሉ። ሪሞቱ ኪስዎ ውስጥ፣ እርስዎ መኪናዋ አጠገብ ጎረቤት እያነጋገሩ፣ ልጅዎ መሪው ጋ ተቀምጦ «እየተጫወተ» ከሆነ፣ ያ ልጅ መኪናዋን ሊያንቀሳቅሳት ይችላል። ሞተር ስላልጮኸ ማንም አይሰማም። ልጅ መሪ ላይ ማስቀመጥ ይቅር።

እየነዳሁ የነዳጅ ፔዳሉ ተይዞ እምቢ ቢለኝ በአዝራሩ ማጥፋት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን አንድ ጊዜ ነካ በማድረግ አይደለም። በስህተት የተነካ አዝራር ሞተሩን በመንገድ ላይ እንዳያጠፋው ተብሎ ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ተጭነው መያዝ ወይም በፍጥነት ሦስት ጊዜ ደጋግመው መጫን ያስፈልጋል።

ይህን አለማወቅ ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ሌክሰስ የነዳጅ ፔዳሏ በወለል ምንጣፍ ተይዞ በረረች። ውስጧ የነበሩ አራት ሰዎች ሞቱ። ሾፌሩ ከሥራ ውጪ የነበረ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ነበር። መንዳት አያውቅም አይባልም። መኪናዋ ደግሞ የእሱ አልነበረችም፤ የራሱ ጥገና ላይ ስለነበረች በተውሶ የተሰጠችው ናት። በዚያች መኪና አዝራሩ ሦስት ሰከንድ መያዝ ነበረበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ፍሬኑን በሙሉ ጉልበት አንዴ ይርገጡና አይልቀቁ። ደጋግሞ መርገጥ የፍሬኑን አጋዥ ያደክመዋል። ማርሹን ኤን (ባዶ ማርሽ) ላይ ያድርጉ። መንገድ ዳር ሲጠጉ አዝራሩን ተጭነው ይያዙ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሪው ስለሚከብድ በሁለት እጅ ይያዙት።

ስለ ምንጣፍ ካነሳን አይቀር፣ ክረምት ላይ ጭቃው አስመርሮን በምንጣፍ ላይ ሌላ ምንጣፍ፣ በዚያ ላይ ካርቶን እንደርባለን። ሾፌሩ እግር ሥር ይህን አያድርጉ። ቢቆሽሽ ላቫጆ አለ።

የሪሞቱ ባትሪ ካለቀ ቆሜ ቀረሁ ማለት ነው?

አይደለም። ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፤ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መክፈቻ ሲገፉ ይወጣል። በሩን በእሱ ይክፈቱ። ከዚያ ፍሬን ረግጠው ሪሞቱን ራሱን አዝራሩ ላይ አስጠግተው ይሞክሩ። ውስጡ ያለው ቺፕ ከመኪናዋ ኃይል ተበድሮ ስለሚሠራ ያለ ባትሪም ትነሳለች። አንዳንዶቹ ሪሞቱ የሚቀመጥበት የተለየ ቦታ አላቸው። ባትሪው ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። የእጅ ሰዓት ባትሪ የሚቀይሩት ልጆች ጋ ይጠይቁ። የድሮውን አውጥተው ቁጥሩን ማሳየት ብቻ ነው።

ባለቤቴ ሪሞቱን ኪሱ እንደያዘ ወረደ፤ እኔ ነዳሁ። ምን ይሆናል?

ይህ የደረሰባት አንዲት የእህቴ ልጅ ናት። ባሏ ዘመድ ሊጠይቅ አሰንዳቦ ወረደ፤ እሷ ወደ አዲስ አበባ ቀጠለች። መኪናዋ ስትጮህ የበር መስሏት ነበር። ወልቂጤ ምሳ ልትበላ ሞተሩን አጠፋች። በቃ። አልነሳ አለ። ሪሞቱ በሚኒባስ ሾፌር እጅ እስኪመጣላት ድረስ ከሰዓቱን እዚያው ተቀምጣ አሳለፈች። ሾፌር ሲቀያየሩ «ሪሞት?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁን። ካስታወሱ ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፉ ይመለሱ።

ሞተሩን አጥፍቼ ብወርድም ትንሸራተታለች ይላሉ። እውነት ነው?

ማርሹን ፒ ላይ ካላስገቡ እውነት ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ሲጠፉ ራሳቸው ፒ ይገባሉ ወይም የእጅ ፍሬኑን ራሳቸው ይይዛሉ። ሌሎቹ አያደርጉትም። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጂሬን የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። እንግዳ ይዘው ሄደው፣ ወሬ ላይ ሆነው አዝራሩን ብቻ ተጭነው አይውረዱ። ፍሬን እንደረገጡ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ፒ ያስገቡ፣ ያጥፉ፣ ከዚያ እግርዎን ያንሱ። ዳገት ላይ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሮ መተውም የአሮጌ ሾፌሮች ብልሃት ነው፤ አላረጀም።

ሌባ ሪሞቴን ሳይነካ ሊከፍታት ይችላል?

ይችላል። ሁለት ሆነው አንዱ ቤትዎ አጠገብ፣ አንዱ መኪናዋ ጋ በመሣሪያ የሪሞቱን ምልክት ያራዝሙታል። መኪናዋ እርስዎ አጠገቧ የቆሙ ይመስላታል። መከላከያው ርካሽ ነው። ማታ ሪሞቱን ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት። ቆርቆሮውን እንደያዙ መኪናዋ አጠገብ ሄደው በሩን ይሞክሩ፤ ካልተከፈተ ይሠራል።

ራሷ ፍሬን ትይዛለች፣ መስመርም ትጠብቃለች ብለው ሸጡልኝ። ልመናት?

በፍሬኑ ደስ ይበልዎት፤ መስመሩን ይርሱት። ራስ ሰር ፍሬን ከፊት ያለውን የሚያየው በካሜራና በራዳር ነው። ጭቃ ከሸፈናቸው አያዩም፤ በእኛ ክረምት መጥረግ የእርስዎ ሥራ ነው። ደግሞም ከጎን ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅን ወይም የሚሻገር ከብትን ሁሌ በጊዜው ይይዛል ብለው አይወራረዱ። መስመር ጠባቂው ግን ቀለም የተቀባ መስመር ይፈልጋል። መስመሩ ከጠፋበት መንገድ ላይ ምን ይጠብቃል?

መመሪያ መጽሐፏ በቻይንኛ ነው፣ ስክሪኗም እንዲሁ። ምን ላድርግ?

የስልክዎን ካሜራ በትርጉም መተግበሪያ ከፍተው ገጹ ላይ ያነጣጥሩ። ትርጉሙ ይሰባበራል፣ ግን ይገባል። ወይም የመኪናዋን ስም፣ ሞዴልና ዓመት ጽፈው የእንግሊዝኛውን ከኢንተርኔት ያውርዱ፤ የተሠራችበት አገር ግን መመሳሰሉን ይዩ። ሁሉን ማንበብ ካልቻሉ ሦስት ገጽ ይበቃል፤ ሞተር ማስነሻና ማጥፊያው፣ የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ የሚለው፣ እና መኪናዋ ስትጮህ ምን ማለቷ እንደሆነ የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ። እኔ ያችን ሠንጠረዥ ኮፒ አድርጌ ከመሪው በላይ ባለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ለጥፌያታለሁ። የነሐሴውን ጲጵ ጲጵ ትርጉም ያገኘሁት እዚያ ነው፤ አራተኛው ረድፍ ላይ።